ያጠብኩት የልብ ምት

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ብዕር የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገር ደግሞ ከመጻፍ ይብስብኛል። ድሮ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አለች» የምትልልኝ እናቴ ነበረች። ነገር ግን ያላመሰገንኳቸው አንድ ሰው አሉ። አጠገባቸው ቆሜ ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። ለእሳቸው ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ ብዬ ነው የተነሣሁት። አጻጻፌ ባያምር ታገሡኝ።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ቀጨኔ፣ ከመድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ ባለው ዳገት ላይ እንኖር ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አባቴ ሲሞት እኔም ትምህርቱን ትቼ ከእሷ ጋር ጭቃ ማቡካት ጀመርኩ። ስለ ሰፈራችን ሸክላ ሠሪዎች ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ እዚህ አልደግመውም። የሰው ዓይን ማየት ሳልለምድ ያደግኩት ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል።

ጉለሌ ውስጥ አንድ የመንግሥት ላቦራቶሪ ነበር። የኮሌጅ ተማሪዎች በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ የእንስሳት አካል እንዴት እንደሚሠራ ይማሩበታል። ልብ እንዴት እንደሚመታ፣ ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተር። ትምህርቱን ፊዚዮሎጂ ይሉታል፤ ቃሉን አፌ እስኪለምደው አንድ ወር ፈጅቶብኛል። የጽዳት ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል ቀበሌያችን ላከኝ። ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠርኩ።

የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የነጭ ጋዋናቸው ኪስ በቁልፍ ክብደት ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ አቆሙኝና በጓዳው ያለውን በርሜል አሳዩኝ። ግማሹ ውሃ ነው፤ ውስጡ እንቁራሪቶች አሉ።

«እነዚህን ብቻ አትንኪ» አሉኝ። «ውሃቸውን የምቀይረው እኔ ነኝ። ሚኒስትር ቢመጣም የምቀይረው እኔ ነኝ።»

«እሺ።»

«ሌላውን ሁሉ አጽጂ።»

በቃ፤ የተነገረኝ ይኸው ነው። «ሌላውን ሁሉ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ከተማሪዎቹ መካከል «እንደምን አደርሽ» የምትለኝ ሮማን ብቻ ነበረች። አራተኛ ዓመት ናት። ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ብቻዋን እየቀረች ለመመረቂያዋ የሚሆን ሥራ ትሠራለች። ምን እንደምትሠራ ግን አላውቅም ነበር። እሷ ስትሠራ እኔ ኮሪደር እጠርጋለሁ፤ እኔ ስገባ እሷ ሄዳለች።

ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፤ ማክሰኞ ቀን። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታደሰ ካፖርታቸውን ደርበው ኮሪደር ላይ አገኙኝ።

«ቫርኒሽ አልቋል» አሉኝ። «ፒያሳ የማውቀው አናጢ አለ፤ እሱ ጋ ካላገኘሁ የትም የለም። ከዚያ በዚያው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አንቺ ጨርሰሽ ቆልፊ።» ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «ለሰው እንዳትነግሪ። ቁልፍ ከእጄ መውጣት የለበትም። ጓድ መንገሻ ከሰማ ጉድ ነው።»

ጓድ መንገሻ የመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነው። ገና ወጣት ነው፤ ግን ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ «እርስዎ» ይሉታል።

ቁልፍ ሲሰጠኝ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። የእኛ ቤት እንኳ በገመድ ነው የሚታሰረው። ደስ አለኝ። ያንን ክፍል እንደ መስተዋት አድርጌ ልጠብቃቸው ብዬ ተነሣሁ።

ወለሉን ወለወልኩ። ቀና ስል መስኮቱ አጠገብ ባለች ገመድ ላይ ወረቀቶች ተሰቅለው አየሁ። አሥራ አንድ ናቸው። ጥቁር ናቸው፣ በጥላሸት የተለበጡ። ነፋስ ሲነካቸው ጥላሸቱ አሁን ወደ ወለወልኩት ወለል ይረግፋል። ጠረጴዛው ላይም እንደ ከበሮ የሚዞር የብረት ዕቃ አለ፤ እሱም ላይ ጥቁር ወረቀት ተጠምጥሟል።

በጥላሸቱ ላይ ቀጫጭን ነጭ ጭረቶች ነበሩ። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚሉ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ። አይቻቸዋለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም። አንድ ሰው በጥፍሩ የተጫወተ መሰለኝ።

እኛ ቤት ጥላሸት ጠላት ነው። ድስት ገበያ ሲወጣ ገዢ በጣቱ ያሸዋል፤ ጣቱ ከጠቆረ ዋጋ ይሰብራል። ስለዚህ ጥላሸት ሳይ እጄ እኔን አይጠይቀኝም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። ወፍራምና አንጸባራቂ ስለሆኑ ውሃ አልጎዳቸውም። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኳቸው፣ በደረቅ ደገምኳቸው፣ ነጭ ሆኑ። የከበሮውንም አልተውኩም። ከዚያ በየቦታቸው መልሼ በመቆንጠጫ ሰቀልኳቸው፤ አሥራ አንዱም ቀጥ ብለው። በሩ ላይ ቆሜ ዞር ብዬ አየሁት። እናቴ ብታየው አልኩ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለጋሽ ታደሰ ቁልፋቸውን መልሼ ኮሪደሩን ስጠርግ ሮማን ገባች። «እንደምን አደርሽ ብርቄ» አለችኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሮማን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነጮቹን ወረቀቶች ታያለች። ጋሽ ታደሰ አጠገቧ ቆመዋል፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዘዋል። ቫርኒሹን አግኝተው ነበር።

«የአራት ወር ሥራ ነው» አለች። አልጮኸችም፤ ለራሷ ነው የምትናገረው። «እያንዳንዷ የልብ ምት እዚያ ላይ ነበረች። ዐርብ ነው የማስረክበው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም አልገባኝም፤ ግን ያ ጭረት የአንድ ነገር ጽሑፍ እንደነበረ ገባኝ። እጄ ላይ የነበረው መጥረጊያ ከበደኝ።

ሠራተኛው ተሰበሰበ። ጓድ መንገሻም መጣ። ወረቀቶቹን አገላበጠ፣ በሩን ፈተሸ፣ መስኮቱን ፈተሸ።

«በር አልተሰበረም» አለ። «ቁልፍ ያለው ሰው ነው። ይሄ አሻጥር ነው።»

አሻጥር በዚያን ጊዜ ምን ዓይነት ቃል እንደነበረ የምታስታውሱ ታውቃላችሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እግሩን አየ።

«ቁልፉ በማን እጅ ነበር?»

«በእኔ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ለሌላ ሰው ሰጥተዋል?»

ጋሽ ታደሰ ወደ በሩ አላዩም። እኔ እዚያ ቆሜ እንደነበር ግን ያውቃሉ። «ቁልፉ የእኔ ነው፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ» አሉ።

«የተማሪዋን ሥራ ለምን አጠፉ?»

«እኔ አላጠፋሁም።»

«ታዲያ ማን?»

ጋሽ ታደሰ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጓድ መንገሻ ደብተሩን አወጣና ጻፈ። «ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ። እዚያ ካልተናገሩ ጉዳዩ ከእኔ አቅም በላይ ወደሆነ ክፍል ይሄዳል።»

ያ ክፍል ሰውን ጠርቶ መቼ እንደሚመልስ አይታወቅም ነበር። ሁሉም ወጣ። እኔም ወጣሁ። ልናገር ብዬ ከንፈሬን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሮጥኩ። ልሸሽ ይሁን ልመለስ እኔም አላወቅሁም። እናቴ በረንዳው ላይ ትናንት የተተኮሱትን ማሰሮዎች እያየች ነበር። እያነሣች በጣቷ ጀርባ መታ መታ ታደርጋለች፣ ታዳምጣለች፣ ታስቀምጣለች። ሁሉን ነገርኳት። ሥራዋን ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

«ሽማግሌው ስምሽን አልጠሩም?» አለችኝ።

«አልጠሩም።»

«አውቀው ነው?»

«አውቀው ነው።»

አንዱን ማሰሮ አንሥታ መታችው። ድምፁ ታፍኖ ወጣ። ውጩ ግን ምንም አይልም፣ ውብ ነው። «ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል» አለችኝ። «እሳት ውስጥ ጧ ብሎ የሚሰነጠቀው አያሳስበኝም፤ እዚያው ሰምቼ እጥለዋለሁ። እንዲህ ዝም ብሎ የተሰነጠቀው ነው ሰው ቤት ገብቶ የሚያዋርደኝ።» ማሰሮውን ወደ ስብርባሪው ወረወረችው። «ሥራሽን ብታጪ ጭቃ አለ። ጭቃ አያልቅም። ሂጂ፣ ሰዓቱ ደረሰ።»

ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ወደ ሃያ ሰው ነበር። ጋሽ ታደሰን ፊት ለፊት ብቻቸውን አስቀምጠዋቸዋል። ሮማን ጥግ ላይ ናት፣ ዓይኗ አብጧል። እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጓድ መንገሻ ስለ አሻጥረኞች ረጅም ንግግር አደረገ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነበር የሚመታው።

«ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ» አለ።

ተነሥቻለሁ። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። ሃያ ሰው ዞሮ አየኝ።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ ያጠብኩት። ወረቀቱን።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ቆሽሾ ነበር።»

አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ጓድ መንገሻ ጠረጴዛውን መታ። «ይሄ መቀለጃ አይደለም። ከኋላሽ ማን አለ?»

ከኋላዬ ግድግዳ ነበር። ዞር ብዬ አየሁት፤ እውነቴን ነው፣ የጠየቀኝ ያንን መስሎኝ ነው። ያን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሮማንም ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

«ጥላሸት ነበር» አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። «እኛ ቤት ሸክላ ነው የምንሠራው። ጥላሸት ካልተጠረገ አይሸጥም። ወለሉ ላይ እየረገፈ አስቸገረኝ። በእርጥብ ጠርጌ በደረቅ ደገምኩት። ጋሽ ታደሰ አላዘዙኝም። ቁልፉን ስጨርስ እንድቆልፍ ነው የሰጡኝ። ከፈለጋችሁ እኔን ውሰዱኝ።»

ጓድ መንገሻ ብዕሩን አነሣ። በኋላ ስሰማ እናቱም እንደ እኔ ጠራጊ ነበረች አሉ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። የማውቀው ደብተሩ ላይ አንድ ቃል ሰርዞ ሌላ መጻፉን ነው። «በቸልተኝነት የደረሰ ስህተት» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበው። «ለሁለቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስብሰባው አብቅቷል።»

ሰው ሲወጣ ሮማን ወደ እኔ መጣች። በጥፊ የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«እ... ዘጠኝ።»

«እስከ ዐርብ አንድ ቀን ተኩል አለኝ። አሁን አሠራሩን ስለማውቀው እንደገና እሠራዋለሁ። ግን እንቁራሪት የለም፤ በርሜሉ ውስጥ ሁለት ብቻ ናቸው የቀሩት። ስድስት እፈልጋለሁ።»

«የቀጨኔ ወንዝ አጠገብ፣ ጭቃ የምንቆፍርበት ጉድጓድ አለ» አልኩ። «እርስዎ የሚፈልጉትን ያህል አለ።»

«እርስዎ አትበይኝ፤ እኩያሽ ነኝ። ነይ እንሂድ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙ ዳር ደረስን። ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ያንሸራትታል። ሮማን ጫማዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ ቆመች። እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃው ውስጥ ገብቼ በእጄ እያፈስኩ አወጣቸዋለሁ።

«አትፈሪም?» አለችኝ።

«ሰው ነው የምፈራው።»

ቤት ሄደን እናቴን ገንቦ ለመንናት። «ሰው ጠላ ሊጠምቅበት የሠራሁትን ለእንቁራሪት?» አለች። ግን ደህናውን መርጣ፣ መታ መታ አድርጋ፣ አዳምጣ ሰጠችን። ለኩራዝ ያስቀመጥናትን የቀረች ላምባም ጨመረችልን። ያኔ ላምባ በወረፋ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ታደሰ ገንቦውን ከፈቱ። ስምንት ይዘን ነበር፤ ስምንቱም ሕያው ነበሩ። እጃቸውን ገንቦው ሆድ ላይ አኖሩና ቆዩ። «ይቀዘቅዛል» አሉ። «ሸክላው ውሃውን እንደ ላብ ስለሚያወጣው ነው። እኔ ስንት ዓመት በብረት በርሜል ቀቅዬ እገድላቸዋለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «እናትሽ ሁለት ትልልቅ ትሥራልኝ በያት።»

ቀጥሎ ወረቀቱን በኩራዝ ጭስ ማጥቆር ነበረብን። ሁልጊዜ የሚያጠቁሩት እሳቸው ናቸው። የዚያን ቀን ግን ኩራዙን ወደ እኔ ዘረጉ። ተቀበልኳቸው። እናቴ ድስት ጭስ ላይ የምታዞረውን ያህል ቀስ ብዬ ከበሮውን አዞርኩ፤ ጭሱ ሳይዘል፣ ሳይደራረብ። አሥራ ሁለት ወረቀት አጠቆርኩ። በሁለት ቀን ልዩነት ያው እጅ ጠርጎ ያው እጅ አጠቆረ።

ከዚያ ሮማን ጠራችኝ። «ያጠብሽውን ነገር ልታዪው ይገባል» አለችኝ።

እንቁራሪቷ ጠረጴዛው ላይ ደረቷ ተከፍቶ ነበር። ፊቴን አዞርኩ።

«አይሰማትም» አለችኝ። «አንጎሏን አስቀድሜ አጥፍቼዋለሁ። ልቧ ግን ይኸው።»

አየሁት። ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ይጨመደዳል፣ ይሞላል፣ ይጨመደዳል፣ ይሞላል። ከጫፉ ክር ታስሮ፣ ክሩ ቀጭን ዘንግ ይስባል፣ የዘንጉ ጫፍ የሚዞረውን ጥቁር ወረቀት ይጭረዋል። ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። ያ የመጋዝ ጥርስ። በጥፍር የተጫወቱበት የመሰለኝ።

«አንጎሏ ከሞተ ማነው የሚያዘው?» አልኩ። ጥያቄ ስጠይቅ ድምፄን ሰማሁት።

«ማንም። ልብ ትዕዛዝ አይጠብቅም፤ መነሻው ከራሱ ውስጥ ነው።» ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ጠብ አደረገችበት። ምቱ ዘገመ፣ ጭረቱ ተራራቀ። ሞቅ ያለውን ጠብ ስታደርግ ተቻኮለ፣ ጭረቱ ተጠጋጋ። «ማንም ሳያዘው ይነሣል። ትናንት አዳራሹ ውስጥ እንደተነሣሽው» ብላ ሳቀች።

ቀኑን ሙሉ እሷ ውሃ ታንጠባጥባለች፣ እኔ ሰዓት እያየሁ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፣ ጋሽ ታደሰ የተጨረሰውን ወረቀት ቫርኒሽ ውስጥ እየነከሩ ይሰቅላሉ። ያን ያህል ሰዓት ሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ አላውቅም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለተኛው ወረቀት ተሰቀለ። ጋሽ ታደሰ ከደረቁት አንዱን በጣታቸው አሹና ጣታቸውን አሳዩኝ። ንጹሕ ነበር። «አሁን ብታጥቢውም አይለቅም» አሉኝ።

ሮማን ዐርብ አስረከበች፤ አለፈች፤ ተመረቀች። አሥራ ሁለተኛዋን ወረቀት ለእኔ ሰጠችኝ። ከአልጋዬ በላይ ተለጥፋለች። ጎረቤቶቻችን ምንድነው ሲሉኝ «የእንቁራሪት ልብ ነው» እላለሁ፤ ያማትባሉ።

አንድ ቀን ጋሽ ታደሰን ያን ጠዋት ለምን ስሜን እንዳልጠሩ ጠየቅኳቸው። የገንቦውን ክዳን እያነሱ ነበር። «ቁልፉን የሰጠሁሽ እኔ፣ ሌላውን ሁሉ አጽጂ ያልኩሽ እኔ» አሉኝ። «ጥላሸቱ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አስገብቼ አላሳየሁሽም። ታዲያ ማንን ልጥራ?» አመሰግናለሁ ልል ከንፈሬን ከፈትኩ። «ዛሬ የምሳው ወጥ በርበሬ አልነበረውም እንዴ?» ብለው ወሬ ቀየሩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት አዋቂዎች ናችሁ፣ ምናልባት ቁልፍ በኪሳችሁ አለ። ቤታችሁን፣ ቢሮአችሁን የምትጠርግ ልጅ ካለች አንድ ቀን አስገብታችሁ የምትጠርገው ነገር ምን እንደሆነ አሳዩአት። ደግሞ እንደ እኔ ዓይነት ዝምተኛ የሆናችሁ፣ ፍርሃቱ ጠፍቶልኝ ነው የተናገርኩት እንዳትሉ። እስከ ዛሬ አልጠፋም። የዚያን ቀን ከፍርሃቱ ጋር ነው የቆምኩት፤ አሁንም ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ ላብ ያጠምቀኛል። ግን «አለሁ» የምለው እኔ ነኝ፤ እናቴ አይደለችም።

ከዚያ ወዲህ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ያዘ። እኔ ወረቀት አጠቁራለሁ፣ ለተማሪዎች ዕቃ አዘጋጃለሁ። በጓዳው የእናቴ ገንቦዎች ተደርድረዋል። ውሃቸውን ግን እስከ ባለፈው ዓመት የሚቀይሩት ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ሚኒስትር ቢመጣም እሳቸው።

ባለፈው ዓመት ጾም መያዣ ላይ ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ ወደ ጓዳው አልተመለሱም። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ምስጋናዬን መንገድ ሙሉ እየደጋገምኩ አጥንቼው ነበር። አጠገባቸው ስቀመጥ እንደ ልማዴ ጠፋብኝ። ዓይናቸውን ከፈቱ።

«ዛሬ ውሃቸውን ማን ቀየረላቸው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ትናንትም እኔ ነኝ።»

ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው። እጄን ይዘው ጥቂት ቆዩና ለቀቁኝ።

«እንግዲያስ ልተኛ» አሉኝ።